የአራሷን እንቅልፍ ማን ይጠብቅ?

ድሬዳዋ የገባሁት በባቡር ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት ከተመረቅሁ ገና መንፈቅ አልሞላኝም፤ በሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ የማስተማሪያ ጽሑፌ ይበዛ ነበር። የተሰጠኝ ሥራ ሁለት ስም ነበረው። ጠዋት በሐኪም ቤቱ የረዳት ነርሶች መምህርት፣ ከሰዓት በኋላ የአራሶች ቤት ለቤት ጎብኚ። ክፍሌን ሲያሳዩኝ አሮጌ አልጋዎች የተደራረቡበት መጋዘን ነበር። ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ጠመኔ የለም። ጠመኔ ይዤ ስለመጣሁ ቅር አላለኝም።

የመጀመሪያውን መመሪያ የሰጡኝ ማትሮን አልማዝ ናቸው። የነርሶች ሁሉ አለቃ ናቸው፤ ሐኪሙ እንኳ በር አንኳኩቶ ነበር ቢሯቸው የሚገባው።

«አራስ ቤት ስትሄጂ የምታዪው አራት ነገር ነው» አሉኝ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ። «ትኩሳት፣ ደም፣ ጡት፣ የልጁ እትብት። አራቱን አይተሽ ትመለሻለሽ።»

«አምስተኛ አለ፣ ማትሮን» አልኩ።

«ምን የሚባል?»

«የእናትየዋ መንፈስ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት አለ። አስቀድሞ ከታወቀ ሊከላከሉት ይቻላል።»

ማትሮን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «መንፈስ የሚለካበት ዕቃ ከአዲስ አበባ ሲላክልን አስጠራሻለሁ። እስከዚያ ቴርሞሜትሩን እንዳትሰብሪብኝ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። በእሳቸው ዘመን አራስ የሚገድላት ትኩሳትና ደም ነበር፤ ፀጉራቸው የሸበተውም ሁለቱን ሲያባርሩ ነው። በሐዘን የተጎዳች አራስ ደግሞ ሐኪም ቤት አትመጣም። ስለማትመጣ አትታይም፤ ስለማትታይ የለችም። ብዙ በሽታዎች በዚህ መንገድ ከአገራችን ጠፍተዋል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ለተማሪዎቼ እንደማደርገው ከፋፍዬ ላስረዳ። ሴት በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ብታለቅስ አያስደነግጥም። ደሟ ቀንሷል፣ እንቅልፍ አጥታለች፣ ጡቷ ተወጥሯል። ይህ የወሊድ እንባ ነው፤ በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ያልፋል። የማያልፈው ሌላ ነው። ልጁ ተኝቶላት እንኳ የማትተኛ፣ የምትወደው ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን የምታዞር፣ የልጇን ልቅሶ የጎረቤት ልጅ ልቅሶ ይመስል የምትሰማ እናት ታማለች። ከተማው ለዚህ በሽታ ስም አላጣለትም። አንዱ ጂን ነው ይላል፣ አንዱ ዓይን ነው፣ አንዱ ስንፍና ነው። ከሦስቱ የሚከፋው የመጨረሻው ነው። ጂን ነክቷታል የተባለች ቢያንስ ይታዘንላታል።

ሩቅያን ያወቅኋት በእርጉዞች ምርመራ ቀን ነው። ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ሳምቡሳ ትሸጣለች፤ ባሏ አብዲ ባቡር ላይ የፍሬን ሠራተኛ ነው። ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ ትንሽ አብጧል፣ ጨዋታ ታውቃለች። ስንተኛ እርግዝናዋ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ሁለተኛ።»

«የመጀመሪያው ልጅ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ነው ያለው፣ ከባሌ አክስት ጋር።»

«ለምን?»

ጨዋታዋ ቆመ። ጫማዋን አየች። «እሱን ስወልድ ሰው አልነበርኩም፣ ሲስተር። ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ያለቅሳል፣ እሰማለሁ፣ እጄ አይነሳም። የባሌ እናት አዩ፣ አዩ፣ አንድ ቀን አቅፈውት ሄዱ።» ከዚያ ሆዷ ላይ እጇን አደረገች። «አሁን ደግሞ ይሄ አለ። እሳቸው ምንም አላሉም። ግን የአክስትየዋን ቤት ጣራ አሳድሰዋል።»

በትምህርት ቤት፣ አንድ ጊዜ በዚህ ጭንቀት ያለፈች እናት ሁለተኛም ሊመጣባት ይችላልና ከመውለዷ በፊት ቤተሰቧን ማዘጋጀት ነው ተብለን ተምረናል። ስለዚህ በማግስቱ የጉብኝት ቦርሳዬን ይዤ ጋሪ ተሳፍሬ ቤቷ ሄድኩ። ቤቱ መጋላ ሰፈር ጀርባ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። አራት ቤተሰብ የሚጋራው ግቢ ነው፤ መሀል ላይ ኒም ዛፍ አለ።

የጉብኝት ቦርሳ ሥርዓት አለው። ቦርሳው መሬት አይነካም። ነርሷ ጋዜጣ ታነጥፋለች፣ ቦርሳውን እላዩ ታስቀምጣለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ከዚያ ትከፍታለች። እኔም ከገበያ ሳሙና የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አውጥቼ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ። ጋዜጣው በዐረብኛ የተጻፈ ነበር።

ሰፈሩ «ሆዮ»፣ እናት፣ እያለ የሚጠራቸው የሩቅያ አማት ሆዮ ሀዋ ከተቀመጡበት እንደ ወጣት ዘለው ተነሱ። ጋዜጣውን ከቦርሳዬ ሥር መንጭቀው ግንባራቸው ላይ አስነኩትና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀሉት።

«ናያ፣ አንቺ! የአላህ ስም ያለበትን ፊደል እግርሽ ሥር ታነጥፊያለሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ለማስቀየም...»

ሆዮ ሀዋ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። «እርስዎ የምትዪው ማንን ነው? ተጣላን እንዴ?»

ሩቅያ ሳቋን በሻሽዋ ሸፈነች። ድሬዳዋ ውስጥ ሰውን አንቱ ማለት ለማራቅ ካልሆነ በቀር ብዙም እንደማያገለግል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» እላቸዋለሁ፤ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ይለኛል።

ጋዜጣው በአማርኛ ጋዜጣ ተተክቶ፣ እጄን ታጥቤ፣ ቦርሳ ተከፍቶ ሲያበቃ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ሆዮ ሀዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እኔ ክፉ አይደለሁም፣ ሲስተር» አሉ። «የገዛ እህቴ እንዲህ ሆና ልጇ በረሃብ ሞቶባታል። ጡቷ ወተት እየፈሰሰ። እኔ ነኝ የገነዝኩት። ሌላ አልገንዝም።»

«እኔ ብረዳት ግን?»

«እርጂያት። በአርባው ቀን ስትወጣ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ካየኋት ልጁ የእሷ ነው። ያኛውንም እመልስላታለሁ። ግድግዳ ስታይ ካገኘኋት እወስዳለሁ። አቦ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?»

ፍትሐዊ ነበር። እንዲህ ያለ ግልጽ ስምምነት በሐኪም ቤታችን ስብሰባ ላይ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሥራውን በቅደም ተከተል ያዝኩ። አንደኛ ጎረቤቶቿን ማስተማር። ኒሙ ሥር ሰሌዳዬን አቁሜ የግቢውንና የሰፈሩን ሴቶች ሰበሰብኩ። ስለ ወሊድ እንባና ስለማያልፈው ጭንቀት አስረዳሁ። ስንፍና እንዳልሆነ፣ ስድብም ምክርም እንደማያድነው ነገርኳቸው። በመጨረሻም አራስ ጠያቂ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገባ ሦስት ጥያቄዎች አስጠናሁ። ተኝተሻል ወይ? ምግብ ይጣፍጥሻል ወይ? ልብሽ ምን ይልሻል?

እንደነዚያ ሴቶች ያሉ ተማሪዎች አስተምሬ አላውቅም። ረዳት ነርሶቼ በሳምንት የማይዙትን እነሱ በአንድ ከሰዓት ያዙት። አንዷ በሶማሊኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ፣ አንዷ በአደርኛ እየመለሰች ለባልንጀራዋ አስረዳች። ኩራት ተሰማኝ። የኩራት ምክንያት ነበረኝ፤ ትምህርቱ ከሚገባው በላይ ነበር የገባቸው።

ሁለተኛ ባልየውን ማነጋገር። አብዲን ጣቢያው ላይ በሥራ ልብሱ አገኘሁት። ሚስቱን በርታ ብሎ እንዲያግዛት፣ መንፈሷን ደስ የሚያሰኝ ነገር እንዲያደርግላት ነገርኩት።

«ምን ላምጣላት ታዲያ?»

«ማምጣት እንኳ አይደለም...»

«ገባኝ፣ ሲስተር፣ ገባኝ» አለና ፊሽካው ስለተነፋ ሮጠ።

ሩቅያ ሐኪም ቤት ወለደች፤ ሴት ልጅ። ምጧ ቀላል ነበር፤ እናትና ልጅ ደህና ሆነው ቤት ገቡ። ማትሮን የሚጠይቋቸው አራቱም ነገሮች እንከን አልነበራቸውም። በመጀመሪያው ጉብኝቴ ሩቅያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ በአራስ ወግ በክር የተንጠለጠለ ነጭ ሽንኩርት በጆሮዋ አድርጋ፣ የአብሽ ሾርባ ስትጠጣ አገኘኋት። ትንሽ አለቀሰች፣ ትንሽ ሳቀች። የወሊድ እንባ ነው፣ ያልፋል አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።

ሾርባው ቀርቦላት ቆዳ ሠርቷል። ልጅቷ በሆዮ ሀዋ ክንድ ላይ ናት። «አየሽ?» አሉኝ ሆዮ ሀዋ በዓይናቸው፤ በአፋቸው አልተናገሩም። የመጀመሪያውን ልጅ አቅፈው የሄዱ ቀንም ዓይናቸው እንዲህ ሳይሆን አልቀረም ብዬ አሰብኩ።

«ትጠይቋታላችሁ?» አልኩ ጎረቤቶቿን።

«ወላሂ አንድ ቀን አልቀረንም!»

ስለዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት ጥግ ላይ ተቀምጬ ለማየት ወሰንኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ ይህን እመክራለሁ፤ ነርስ ስትመጣ ቤቱ ይስተካከላል፣ ነርስ ስትቀመጥ ቤቱ ይረሳታል።

መጀመሪያ ያየሁት ራዲዮኑን ነው። አብዲ ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ ይዞት የመጣ በባትሪ የሚሠራ አዲስ ራዲዮ፣ ከአራሷ ራስጌ። የሚስቱን መንፈስ ደስ ለማሰኘት ነው። እሱ ራሱ ተመልሶ ባቡር ላይ ወጥቷል፤ ራዲዮኑ ቀርቷል። በሰፈሩ ሌላ ራዲዮ ስላልነበረ ሰፈሩ ሁሉ አራስ ጠያቂ ሆኗል።

ከዚያ ተማሪዎቼ መምጣት ጀመሩ። ከዐስር ሰላት በኋላ አንዷ ገባች፣ ሐላዋ አስቀመጠች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሩቅያ ዓይኗን ጨፍናለች። ሴትየዋ ትከሻዋን ነቀነቀቻት።

«ሩቅያ! ሩቅያ፣ ተኝተሻል ወይ?»

ሩቅያ ዓይኗን ከፈተች። «ተኝቼ ነበር።»

«ማሻአላህ። ምግብ ይጣፍጥሻል ወይ? ልብሽ ምን ይልሻል?»

መልስ ሳትሰማ ወደ ራዲዮኑ ዞረች። ሁለተኛዋ ገባች። እሷም ነቀነቀቻት፤ እሷም በቅደም ተከተል ጠየቀቻት። ሦስተኛዋ የመጨረሻውን ጥያቄ ረስታ ከሁለተኛዋ ጋር ተከራከረች፤ ለማረጋገጥ ሩቅያን ቀሰቀሷት። አራተኛዋ «አዝነሻል አሉ፣ እውነት ነው?» ብላ የራሷን ጨመረች። ጥያቄዎቹ በሰሌዳው ላይ ከጻፍኳቸው አንዲት ፊደል አልጎደሉም። የትኛውም ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸው ነበር።

ሩቅያ ድንገት ተነስታ ተቀመጠች።

«አቦ ተዉኝ! ያኔ ስታመም አንድ ሰው አልጠየቀኝም፤ አሁን ሐዘኔን ለማየት ተሰልፋችሁ ትገባላችሁ! ሌሊት ልጅቷ አታስተኛኝም፣ ቀን ተኝተሻል ወይ እያላችሁ ትቀሰቅሱኛላችሁ!»

ራዲዮኑ ብቻ ዘፈነ። አንዷ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ሲስተር፣ ይሄ የሚያልፈው ነው የማያልፈው?» አለችኝ።

ሁሉንም አስወጣሁ። ሆዮ ሀዋንም ጭምር። በሩን ገጠም አድርጌ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ነርስ ልትጠይቀው የሚከብዳትን ጠየቅኋት። ራሷን ወይም ልጅቷን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣባት እንደሆነ።

«ልጅቷን ወላሂ አላስብም» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ደቻቱ ሲሞላ ድምፁ እዚህ ይሰማል። ጎርፉ ሲመጣ መሀሉ ላይ ቆሜ ብቀርስ እላለሁ። አንዳንዴ ነው፣ ሲስተር። ያኔም እንዲህ ነበር የጀመረኝ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? ሁሉም ይጠይቃል፤ ማን ይቀመጣል?»

እንዲህ ያለ ነገር ነርስ ለብቻዋ አትይዘውም። በዚያው ቀን ለሐኪሙ ነገርኩ፤ በማግስቱ መጥቶ አያት፤ ብቻዋን እንዳትሆንና እንድትተኛ አዘዘ። አልጋ እንዲሰጣት ማትሮንን ጠየቅሁ።

«ትኩሳት አላት?»

«የላትም።»

«ደም?»

«ደህና ነው።»

«ትኩሳት ቢኖራት አልጋ ነበረኝ» አሉ። ወረቀታቸውን እያገላበጡ፣ ቀና ሳይሉ ቀጠሉ። «ምን አለችሽ?»

የደቻቱን ነገር ነገርኳቸው። ማትሮን ወረቀታቸውን አስቀመጡ።

«ሌላውን ጉብኝት ተይውና በየቀኑ እሷ ጋ ሂጂ። ለምን እንደምትሄጂ የጠየቀኝ ካለ፣ ጡቷ አብጧል እላለሁ።»

መፍትሔው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ጠያቂ መከልከል። ለሆዮ ሀዋ ይህን ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። የአራስ በር አይዘጋም። በሩ ከተዘጋ ሰፈሩ ልጅቷ ሞታለች ይላል፤ ወይም ቤቱ ሻይ ነፈገ ይላል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ይነገራል። አራስ ደግሞ ብቻዋን አትተውም፤ ጂን ይመጣባታል። ሐኪሙም ብቻዋን አትሁን ብሏል። በምክንያቱ ባይስማሙም ሐኪሙና ሆዮ ሀዋ በትእዛዙ ተስማምተዋል። እንግዲህ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጣ የማትናገር ሴት። በድሬዳዋ።

ፈለግሁ። የሆዮ ሀዋ ዝምታ ሻይ እስኪፈላ አይቆይም። አንዲት አዛውንት ዝም ይላሉ ተብለው መጡ፤ ዝም ያሉት መንገድ ላይ ብቻ ነበር። ሌላዋ በእርግጥ ዝም አለች፤ ግን አለቀሰች።

በዚህ መሀል ዘሀራ መጣች። ዘሀራ እንደ ሩቅያ ሳምቡሳ ሻጭ ናት። ጣቢያው ደጃፍ ካለው ዛፍ ጥላ የትኛዋ ትቀመጥ በሚል ተጣልተው ከዓመት በላይ ተኮራርፈዋል። ቢሆንም አራስ አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ኩርፊያውን ሳትፈታ ግዴታዋን ልትፈጽም መጣች። ገባች፣ ስኳሩን ለሆዮ ሀዋ ሰጠች፣ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ሆዮ ሀዋ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ በያት» አለች፣ ከሩቅያ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆና።

«አሚን በያት» አለች ሩቅያ ለሆዮ ሀዋ።

ንግግሩ በዚሁ አበቃ። ዘሀራ ሻይዋ እስኪያልቅ መቀመጥ ነበረባት፤ ሻዩ ትኩስ ነበር። ልጅቷ ስትነጫነጭ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገቻት፤ ሕፃን ከጠቡ የለበትም። ሩቅያን አላየቻትም፣ አላነጋገረቻትም፣ ምንም አልጠየቀቻትም። ጥቂት ቆይቼ ወደ አልጋው ስመለከት ሩቅያ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

ዘሀራን በር ላይ ይዤ አስቆምኳት።

«ነገም ትመጫለሽ?»

«እኔ? ለእሷ?»

«ለልጅቷ።»

አሰበች። «ለልጅቷ እመጣለሁ። ግን ቁርጡን ልንገርሽ፣ ሲስተር፤ አንዲት ቃል አላናግራትም!»

«አደራ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሥርዓት ያዘ። ራዲዮኑ ወደ ኒሙ ሥር ወጣ። ሆዮ ሀዋ በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጠያቂ ሲመጣ ሻይ እየቀዱ ግቢው ውስጥ ያስተናግዳሉ፤ በር አልተዘጋም፣ ማንም አልተነፈገም። ጥያቄ ያላት ሴት ጥያቄዋን ለእሳቸው ትጠይቃለች፤ እሳቸውም «ተኝታለች፣ ይጣፍጣታል፣ ልቧ ደህና ነው» ብለው በአንድ ትንፋሽ ይመልሳሉ። አራሷን ካላገዝኩ የምትል ካለች የሚታጠብ ጨርቅና የሚቀዳ ውሃ ተዘጋጅቶላታል። ይህ ከታወቀ በኋላ የጠያቂው ብዛት ደህና አድርጎ ቀነሰ። ውስጥ ዘሀራ ልጅቷን ይዛ ትቀመጣለች፤ ሩቅያ ትተኛለች። አብዲ ከመስመር ሲመለስ ሌላ ዕቃ ሊገዛ ሲነሳ ያዝኩትና፣ ቤት ባደረበት ሌሊት ልጅቷ ጠብታ ስታበቃ እሱ እንዲያስተኛት አሳየሁት። «ይሄ ብቻ ነው?» አለ፤ በሁለተኛው ሌሊት ግን እንዲህ አላለም።

እኔ በየቀኑ ሄድኩ። መጀመሪያ ትተኛለች፤ ስትነሳ ትበላለች፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃታለሁ፣ መልሱ እስኪያልቅም እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን መልሱ አጭር ነው። አንዳንድ ቀን ስለ መጀመሪያ ልጇ፣ «በምን ዓይን ያየኝ ይሆን?» ስለምትለው ትነግረኛለች። የደቻቱ ነገር በአንድ ቀን አልጠፋም። እየሳሳ ሄደ። አንድ ከሰዓት ስገባ ልጅቷን ታጥብ ነበር፤ ደግሞ በማግስቱ ወደ ግድግዳው ዞራ አገኘኋት። ተማሪዎቼ ከዚህ በሽታ መውጣት እንደ ደረጃ የሚወጣ ይመስላቸዋል፤ የባቡር ጉዞ ነው፣ በየጣቢያው ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይገፋል።

አርባው ደረሰ። ፍየል ታረደ፣ ግቢው በሴት ሞላ። ሆዮ ሀዋ አዲስ ልብስ ለብሰው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የቢዮ አዋሌዋ አክስት አለች፤ ባዶ ቅርጫት ይዛለች፣ የሕፃን ዕቃ መያዣ።

እንግዳው «አራሷስ?» አለ። ሆዮ ሀዋ ተነስተው መጋረጃውን ገለጡ። አልጋው ባዶ ነው። ልጅቷም የለችም።

ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ ያሰብኩትን አልጽፈውም፤ እግሬ ግን ወደ ወንዙ በሚያወጣው የጓሮ በር ዞሮ ነበር።

በዚህ መሀል ከማድ ቤቱ ጩኸት ተሰማ።

«ይሄ ሊጥ ነው? ይሄ ጭቃ ነው! በዚህ ነው በእንግዳዬ ፊት የምታዋርጂኝ?»

«አንቺ ነሽ ስለ ሊጥ የምትናገሪው? ያንቺን ሳምቡሳ የገዛ መንገደኛ ሽንሌ ጣቢያ ሳይደርስ ይወርዳል!»

ሮጠን ገባን። ሩቅያ ልጅቷን በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ በሌላው የሊጥ መዳመጫውን ይዛ፣ ምጣዱ አጠገብ ከቆመችው ከዘሀራ ጋር አፍ ለአፍ ገጥማለች። ሽንኩርቱ ከጆሮዋ ተፈትቷል፤ ዓይኗ ያበራል። ልጅቷ በመሀላቸው ያለ ሐሳብ ትጠባለች። ከዓመት በላይ የተያዘ ንግግር ስለሆነ በአጭሩ አላለቀም።

ሆዮ ሀዋ ደጃፉን ተደግፈው አዳመጡ። ስድቡ እየበረታ ሲሄድ ፊታቸው እየበራ ሄደ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ተሳደበች።»

ከዚያ ወደ አክስትየዋ ዞሩ። «ቅርጫቱን በሙሽበክ ጣፋጭ ሙዪውና ለልጁ ውሰጂለት። በሳምንቱ ደግሞ ልጁን ይዘሽው ነይ።»

ልጁ መጣ። ሩቅያን አላወቃትም። ለብዙ ጊዜ «እማ» የሚለው አክስትየዋን ነበር፤ እናቱን «የሳምቡሳዋ» ይላት ነበር። ይህን የሚያክም ነርስ የለም፤ ሩቅያ ራሷ ቀስ በቀስ አከመችው።

ለማትሮን ሪፖርት አቀረብኩ። ስለ ኩርፊያውና ስለ እንቅልፉ ጭምር ጻፍኩ። አንብበው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ በትምህርቱ ውስጥ ምን ብለሽ ልታስገቢው ነው? ለአራስ ሁሉ ባላንጣ ይፈለግላት?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልስ ለማዘጋጀት ጥቂት ቀን ወሰደብኝ።

አሁን ለረዳት ነርሶች የማስተምረው እንዲህ ነው። አራስ ቤት ስትገቡ፣ አራሷ ከተኛች አትቀስቅሷት፤ ተመለሱ ወይም ጠብቁ። ካልተኛች ልጁን ተቀበሏትና አስተኟት። ስትነሳ ትብላ። ከዚያ በኋላ ስለ ልቧ የሚጠይቃት አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ያ ሰው ነገም የሚመለስ ይሁን።